ምዕራፍ 6፦ ጠያቂው ብዙ፣ አቃፊው ጥቂት

አዲስ አበባ ውስጥ ተጋብተው ሁለት ዓመት ሳይወልዱ የቆዩ ባልና ሚስት ጠያቂ አያጡም። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዲት አክስት ጠጋ ብለው «ምነው ዝም አላችሁ?» ይላሉ። ጓደኛ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። እናት «ሳልሞት የልጅ ልጅ አሳዩኝ» እያሉ በስልክም በአካልም ይለምናሉ። አንድ የወለዱትም አያርፉም። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባልና «ለዚህ ልጅ ወንድም አታመጡለትም?» ይከተላል። ኑሮ ከበደን ያለ ሰው ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ ውትወታ የሰማ እንግዳ ከተማዋ በሕፃናት የተሞላች ቢመስለው አይፈረድበትም። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው አማካይ የልጅ ቁጥር በ1990 ወደ 3.1 ነበር። በ2000 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 1.9 አገኘ። በ2005 ወደ 1.4 ወረደ፤ በ2011 1.5፣ በ2016 ደግሞ 1.8 ሆነ። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት አንዲት ሴት በአማካይ ከሁለት ጥቂት የሚበልጥ ልጅ መውለድ አለባት። በ2016 የአገሪቱ አማካይ 4.6፣ የሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። ስለዚህ «መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየደጁ የሚሰማባት ከተማ፣ ቢያንስ ከ2000 እስከ 2016 ራሷን ከሚተካ ቁጥር በታች ስትወልድ ኖራለች።

ታዲያ ወዳጅ ዘመድ በመውለድ ውሳኔ ላይ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ያለ ወዳጅ ዘመድ የሚወሰን የልጅ ጉዳይ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስህተታችን ተጽዕኖውን የምንፈልገው በጆሯችን መሆኑ ነው። ምክርና ውትወታ ጎልቶ ስለሚሰማን ዋናው ኃይል እሱ ይመስለናል። ጥናቶቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው፦ ሰዎች ስንት እንደሚወልዱና መቼ እንደሚወልዱ ከሚነግሯቸው ይልቅ የሚያሳዩዋቸውና የሚያግዟቸው ሰዎች ይወስናሉ።

አራት መግቢያዎች

ላውራ ቤርናርዲ የተባሉ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ጣሊያን ሰዎችን ቁጭ ብለው አነጋግረው፣ የሌላው ሰው ኑሮ በእኛ የመውለድ ውሳኔ ውስጥ የሚገባባቸውን አራት መንገዶች ለይተዋል። አንደኛው ትምህርት ነው፤ ከሌላው አይተን ሰምተን እናውቃለን። ሁለተኛው ግፊት ነው፤ ምስጋናው፣ ወቀሳው፣ ሐሜቱ። ሦስተኛው ማንም ሳይናገረን በራሳችን የምንሸከመው ዕዳ ነው፤ «እናቴ ይህን ያህል ደክማልኝ የልጅ ልጅ ሳታይ ትቅር?» የሚለው። አራተኛው መጋባት ነው፤ ሌላው ሲወልድ አይቶ «እኔም» ማለት።

አራቱም በአንድ አራስ ቤት፣ በአንድ ከሰዓት ሊገናኙ ይችላሉ። ጠያቂዎች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ። መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሞላ ገንፎ ይቀርባል። አግብታ ያልወለደች ጓደኛ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። አራሷ ስለ ምጡ፣ ስለ ስፌቱ፣ ሐኪም ቤቱ ስላስከፈለው ገንዘብ፣ ሕፃኑ ጡት አልይዝ ስላለበት ሌሊት አንድ በአንድ ስታወራ ጓደኛዋ በየትም መጽሐፍ የማታገኘውን ትማራለች። አንዲት ጎረቤት ማንኪያቸውን ወደ እሷ እየጠቆሙ «ያንቺንስ ገንፎ መቼ ነው የምንበላው?» ሲሉ ሁሉም ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች፤ ግፊቱ ግን ገብቷል። ማዶ የተቀመጡት የገዛ እናቷ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሕፃኑን ተቀብለው ፊቱን በነጠላቸው ጫፍ ከብርሃን ሲከልሉት ታያለች፤ ያ ዕዳው ነው። በመጨረሻ «እስቲ ያዢው» ተብላ ትሰጣለች። ሕፃኑ አመልካች ጣቷን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው አብሯት እንደሚሄድ እሷም በውል አታውቀውም። ተመራማሪዎች ለማወቅ የሞከሩት ይህንኑ ነው።

ጎረቤት ምን ተጠቀመች?

ከትምህርቱ እንጀምር። ኤቨረት ሮጀርስና ሎረንስ ኪንኬይድ በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ በ1973 በደቡብ ኮሪያ ገጠር በ24 መንደሮች የተሰበሰበ መረጃን ተንትነዋል። መንግሥት ለመንደሮቹ ያቀረበው የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ተመሳሳይ ነበር። ይሁንና በአንዱ መንደር የሚበዙት ተጠቃሚዎች እንክብል የሚውጡ፣ በሌላው በማሕፀን የሚቀመጠውን ሉፕ ያስገቡ ሆነው ተገኙ፤ ባሎች የዘር ቱቦ የማስቋጠር ቀዶ ሕክምና (ቫዜክቶሚ) ያስደረጉበት መንደርም ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴቶች ምርጫ ነው። እነሱ ደህና ሆነው ሲገኙ በእናቶች ማኅበር ስብሰባና በጎረቤት ወሬ ያው ዘዴ መንደሩን አዳረሰ። እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ የወሰነች መስሏታል፤ ከሩቅ ሲታይ ግን መንደሩ በሙሉ አንድ ላይ ወስኗል።

በባንግላዴሽ ገጠር በምትገኘው ማትላብ የተደረገ ጥናት ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። ካይቫን ሙንሺና ዣክ ሚዮ በ70 መንደሮች የ11 ዓመት መረጃ መረመሩ። በእነዚህ መንደሮች ሙስሊሞችና ሂንዱዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ያቺው የጤና ሠራተኛ የሁሉንም በር ታንኳኳለች፤ የምታድለው የወሊድ መከላከያም አንድ ነው። ጉዳዩ የአቅርቦት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንዷ መጠቀም ሌላዋን፣ ሃይማኖቷ ምንም ይሁን ምን፣ ያነቃቃ ነበር። የተገኘው ሌላ ነው። ሙስሊሟ ሴት የተከተለችው የመንደሯን ሙስሊም ሴቶች፣ ሂንዱዋም የሂንዱዎቹን ነው። አጥር ማዶ ያለችው የሌላ ሃይማኖት ጎረቤት ያደረገችው ብዙም አልነካቸውም። የምንማረው ከሚቀርበን ሳይሆን የእኔ ቢጤ ነው ከምንለው ሰው ነው ማለት ነው።

በአገራችን ገጠር ይህ ትምህርት የሚሰጠው በአብዛኛው ቡና ላይ ነው። «የሦስት ወሩን መርፌ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ምንም አልሆንኩ» የምትል አንዲት ጎረቤት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሁሉ ፖስተር ትበልጣለች። በዚያው ልክ «ማሕፀን ያደርቃል»፣ «ክንድ ላይ የሚቀበረው ወደ ልብ ይሄዳል» የሚለው ወሬም የሚነሳው ከዚያው ረከቦት ዙሪያ ነው። የወሬው መንገድ እውነቱንም ሐሰቱንም በአንድ ፍጥነት ያመላልሳል።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጉልበቱ እዚህ ላይ ነበር። በየቀበሌው የተመደቡት ሁለት ሠራተኞች ሴቶች፣ በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ልጆች፣ ቋንቋውንና ሰዉን የሚያውቁ ነበሩ። እናቶች ከሩቅ ከመጣ ባለሙያ ይልቅ የእትዬ እከሊትን ልጅ ሊጠይቁ ቀለላቸው። ካገቡ ሴቶች መካከል ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት በ2000 ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2005 14፣ በ2011 27፣ በ2016 35 ደረሱ። የመድኃኒቱ መቅረብ፣ የሴቶች ትምህርትና የመሬት መጥበብም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ጤና ኬላ ውስጥ የተቀመጠ መድኃኒት ወደ ቤት የሚገባው አንድ የሚታመን ሰው ሲመሰክርለት ነው።

እህቴ ወለደች፤ እኔስ?

መጋባቱን ማስረዳት ይከብዳል። ጓደኛሞች አብረው ይወልዳሉ ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ጓደኛሞች መጀመሪያውኑ ይመሳሰላሉ፤ በአንድ ዓመት ትምህርት ጨርሰው፣ በተቀራራቢ ደመወዝ ተቀጥረው፣ በአንድ ሰሞን ተጋብተው ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰሞን መውለዳቸው ማን ማንን እንደሳበ አይናገርም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚያዩት ጊዜውን ነው። ቶርኪልድ ሊንግስታድና አሌክሲያ ፕርስካቬትዝ በ2010 ባወጡት ጥናት ከኖርዌይ የሕዝብ መዝገብ ከ100 ሺህ በላይ የእህትና የወንድም ጥንዶችን ተከታተሉ። አንዱ ሲወልድ ሌላው በተከታዮቹ 12 ወራት የመጀመሪያ ልጁን የመውለድ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። መመሳሰል ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ከፍታና ዝቅታ አይታይም ነበር። ሁለተኛ ልጅ ላይ ሲደረስ ተጽዕኖው ይደክማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ የወለደ ሰው ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ከእህቱ መማር አያስፈልገውም።

ኒኮሌታ ባልቦና ኒኮላ ባርባን ደግሞ በ2014 የአሜሪካ ሴቶችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘመናቸው ጀምሮ የተከታተለ መረጃ ተጠቅመው ያንኑ በጓደኞች መካከል አዩ። የትምህርት ቤት ጓደኛ ስትወልድ የሌላዋ የመውለድ ዕድል እየጨመረ ሄዶ በሁለተኛው ዓመት አካባቢ ጫፍ ይደርስና ይመለሳል። በጀርመን በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ የሥራ ባልደረባ በወለደች በዓመቱ ውስጥ ገና ያልወለዱት ሴቶች የመጀመሪያ እርግዝና ዕድል በእጥፍ ይጨምራል።

እነዚህ ጥናቶች ውስጥ ማንም ማንንም አልወተወተም። የሆነው ይህ ነው፦ አንድ የማውቃት፣ እንደ እኔ ያለች ሴት ይህን አለፈች። ሥራዋን አላጣችም። ባሏ አልተለወጠም። ወይም ተለወጠ፤ እሱንም አየሁት። በተጨማሪ አብሮ መውለድ ይጠቅማል፤ ልብስ ይወራረሳል፣ ልጆቹ አብረው ይጫወታሉ፣ በእኩለ ሌሊት ስለ ትኩሳት የሚደወልለት ሰው ይገኛል። ጓደኞቹ ሁሉ ወልደው እሱ ብቻ የቀረ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት የሚወጣ ያጣል። ይህ ብቸኝነት ራሱ፣ ያለ ወቃሽ፣ ይገፋል።

መጋባት በአካል የምናውቃቸውን ሰዎች ብቻ አይጠይቅም። ኤሊያና ላ ፌራራና ባልደረቦቿ በ2012 የብራዚልን ተከታታይ ድራማዎች መረመሩ። በሬዴ ግሎቦ ቴሌቪዥን በሚታዩት ድራማዎች ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት ዋና ሴት ገጸ ባሕርያት ከመቶ 72ቱ ልጅ የላቸውም፤ 21ዱ አንድ ብቻ አላቸው። የጣቢያው ሥርጭት ቀደም ብሎ የገባባቸው አካባቢዎች የወሊድ ቁጥራቸው ይበልጥ ወረደ፤ በተለይ በድሃ ሴቶች ዘንድ። ድራማዎቹ «ጥቂት ውለዱ» አላሉም። ጥቂት ልጅ ያላቸው፣ የሚያምሩ፣ የሚወደዱ ቤተሰቦችን በየማታው ሳሎን ውስጥ አስቀመጡ እንጂ። በእኛም አገር ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በዚሁ እምነት የተሠራ ነበር፤ ሰው ከስብከት ይልቅ ከሚያውቀው ሰው ታሪክ ይማራል፤ ያ ሰው በልብ ወለድ የተፈጠረ ቢሆንም።

ባል ይግባ ወይስ ይቅር?

ከጓደኛም ከእህትም በላይ ትልቁ ወሳኝ ባል ነው፤ ከእሱም ጀርባ ብዙ ጊዜ እናቱ አሉ። እዚህ ላይ ሁለት ሙከራዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ነው። አልማዝ ተረፈና ቻርልስ ላርሰን በ1993 ያሳተሙት ጥናት 527 ባልና ሚስቶችን ያካተተ ነበር። ለግማሾቹ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ቤታቸው ድረስ የሄደው ምክር ለሚስት ብቻ ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ባልም ባለበት። ከ12 ወራት በኋላ ባል በተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 33ቱ፣ ባል ባልተገኘባቸው 17ቱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ባል ሲገባ ነገሩ በእጥፍ ሠራ።

ሁለተኛው የዛምቢያዋ ሉሳካ ነው፤ ናቫ አሽራፍ፣ ኤሪካ ፊልድና ዢን ሊ በ2014 አሳተሙት። የመከላከያ አገልግሎት የሚያስገኝ ኩፖን ለአንዳንድ ሴቶች ለብቻቸው፣ ለሌሎቹ ባሎቻቸው ባሉበት ተሰጠ። ውጤቱ ተገለበጠ። ባል ያወቀባቸው ሴቶች ወደ አገልግሎቱ የመሄድ ዕድላቸው ከመቶ 19፣ ከባል ሊሰወር የሚችል ዘዴ የመጠቀም ዕድላቸው ከመቶ 25 ዝቅ አለ፤ የመውለድ ዕድላቸው ደግሞ ከመቶ 27 ከፍ አለ።

የትኛው ልክ ነው? ሁለቱም። ባልና ሚስት ፍላጎታቸው ተቀራርቦ የጎደላቸው መነጋገር ብቻ ከሆነ ባልን ማስገባት በር ይከፍታል። ፍላጎታቸው ከተለያየና ጉልበቱ ያለው በባል እጅ ከሆነ ግን ማስገባቱ በሩን ይዘጋዋል። በገጠር «መርፌውን ባሌ አያውቅም» የሚሉ ሴቶች ይህን ያለ ተመራማሪ ያውቁታል። መርፌ አሻራ አይተውም፤ እንክብል ግን ከፍራሽ ሥር ይገኛል። ይሁን እንጂ ምስጢሩም ዋጋ አለው። በሉሳካው ጥናት ኩፖኑን ለብቻቸው ያገኙት ሴቶች በኋላ ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ ደስታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ከባል ሰውሮ መኖር ከልጅ ቢያሳርፍም ልብን አያሳርፍም።

አማትን በተመለከተ ከህንድ ኡታር ፕራዴሽ፣ ጃውንፑር ወረዳ የወጣ በ2020 የታተመ ጥናት አንድ ነገር ያሳያል። ከአማቶቻቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሚስቶች ከቤት ውጭ ያላቸው የቅርብ ወዳጅ ያነሰ ነበር። ወዳጅ ያነሳቸው ደግሞ ወደ ቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የመሄድ ዕድላቸው ያነሰ ነው። አማት ተጽዕኗቸውን ያሳደሩት በመናገር ብቻ አይደለም፤ ምራታቸው ማንን እንደምትሰማ በመወሰንም ጭምር ነው። ወንዝ ወርዶ ውኃ መቅዳት፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቅ፣ ማኅበር መሄድ በዚህ ዓይን ሲታይ ከሥራና ከአምልኮ በላይ ነው፤ ሌላ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ነው።

ሐሜት የሚሠራበት ቦታ

ግፊት ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሐንስ ፒተር ኮህለር፣ ጄሪ ቤርማንና ሱዛን ዋትኪንስ በኬንያ ኒያንዛ ገጠር ያጠኑት መቼ እንደሚሠራ ያሳያል። ሴቶቹን ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ከማን ጋር እንደሚያወሩና እነዚያ ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቁ እንደሆነ ጠየቁ። ገበያው ደራ ባለበት አካባቢ ሴቶቹ ከወዳጆቻቸው የሚያገኙት በዋናነት ዕውቀት ነበር። ገበያው በደከመባቸው አካባቢዎች፣ ወዳጆቿ ሁሉ እርስ በርስ በሚተዋወቁባት ሴት ዘንድ ግን ግፊቱ በረታ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲተዋወቅ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነውና።

በገጠራችን ሰው የሚለውን የሚሉት ሰዎች ሌላም ነገር ያደርጋሉ። «ውለዱ» የሚሉት አክስት ልጁን አዝለው ውኃ ይወርዳሉ። በብዙ አካባቢ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ አራሷን የሚያጥቡ፣ አጥሚት የሚያፈሉ፣ እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ እስከ 40 ቀን፣ ለሴት እስከ 80 ቀን፣ ከጎን የማይለዩ እጆች አሉ። ልጁም ትንሽ ከፍ ሲል ከብት ይጠብቃል። የውትወታው ጉልበት ከንግግሩ ብቻ የመጣ አልነበረም። ጠያቂውና አቃፊው አንድ ሰው ነበር።

ከተማዋን ምን ለያት?

አሁን ወደ አዲስ አበባ ቁጥር እንመለስ። ከ1990 እስከ 2000 የታየውን መውረድ የመረመሩ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ትልቁን ድርሻ የሰጡት ለትዳር መዘግየትና መቅረት ነው፤ ቀጥሎ ለመከላከያ። ሥራ አጥነትና የቤት ችግር ከጀርባው ነበሩ። በ2016 ጥናት በአገር ደረጃ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆናቸው አግብተው ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ይህ ዕድሜ ወደ 24 ይጠጋል። የሚያስደንቀው ማርፈዱ እንዴት ነውር መሆኑ እንደቀረ ነው። በ28 ዓመቷ ያላገባች ሴት እናቷ ቢጨነቁም እሷ ዙሪያዋን ስታይ የቢሮ ጓደኛዋም፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋም አላገባችም። በእናት ግፊትና በጓደኛ አርአያ መካከል አርአያው አሸነፈ።

ከዚያ የቤቱ ጉዳይ አለ። ወጣት ባልና ሚስት ቤት ፍለጋ ደላላ ሲያነጋግሩ ከሚቀርቡላቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ልጅ አላችሁ?» የሚለው ነው፤ ብዙ አከራይ «የለንም» የሚለውን መስማት ይመርጣል። አክስት «ለምን አትወልዱም?» ብለው ለሚጠይቁት አከራዩ በአንድ ጥያቄ ይመልስላቸዋል።

የመጨረሻውና ትልቁ የእጅ ጉዳይ ነው። በድሮ ሰፈር እናት ገበያ ስትሄድ ልጁ ጎረቤት ይውል ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን አብሮ የተበተነው ይህ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የግድግዳ ጎረቤትን ስም የማያውቅ ሞልቷል። እናት ከክፍለ ሀገር መጥተው አርሰው ክርስትናው ሲያልፍ የራሳቸው ቤት ይጠብቃቸዋል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት ሦስት ቀን። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ መቅጠር ነው፤ ደህና ሠራተኛ ማግኘት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ እህቷ ስታልፍበት ያየች ሴት ተምራለች፤ ትምህርቱም «አንድ ይበቃል» ሊሆን ይችላል።

የአያት እጅ ምን ያህል እንደሚመዝን ጣሊያን ያለ ፈቃዷ ሞክራዋለች። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጡረታ ሕጓ ሲጠብቅ ብዙ አያቶች ሥራ ላይ ቆዩ። በ2014 ኤሪክ ባቲስቲንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት አያቶቹ ጡረታ ሳይወጡ ሲቀሩ የልጆቻቸው መውለድ ቀነሰ። ማንም የልጅ ልጅ መፈለጉን አልተወም። የጠፋው ከሰዓት ሕፃን የሚይዘው ሰው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ስሌት በቪዛ ያውቁታል። እናት በጎብኚ ቪዛ መጥተው ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይቆያሉ፤ ሁለተኛው ልጅ መቼ ይምጣ የሚለው የእሳቸው መምጫ ከተቆረጠ በኋላ ይታሰባል።

እንግዲህ የአዲስ አበባው እንቆቅልሽ ይህ ነው። ጥያቄው ከገጠር ወደ ከተማ አብሮ መጣ፤ ከጥያቄው ጋር ይመጣ የነበረው እጅ ግን ቀረ። ግፊቱ ሳይቀንስ አቅሙ አለቀ።

ለጠያቂና ለተጠያቂ

ይህን ያወቀ ሰው ምን ያደርግበታል? ለመውለድ ወይም ላለመውለድ የሚያስቡ ባልና ሚስት የሚሰሙትን በሦስት ቢከፍሉት ይቀላቸዋል። ያለፈበት ሰው የሚነግራቸው ዕውቀት ነው፤ በዝርዝር ይጠይቁት፣ መጥፎውንም ይስሙ። የማያግዝ ሰው የሚነግራቸው ምኞት ነው፤ በአክብሮት ተቀብለው ማለፍ ይችላሉ። «እኔ እይዘዋለሁ» የሚል ሰው ግን የውሳኔው ተካፋይ ነው፤ ቃሉን ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የጓደኞች ሁሉ መውለድ የቀሰቀሰው ጉጉትም የራስ ነው፤ ግን ጓደኛው ዘንድ ያለው እገዛ እኔ ዘንድ አለ ወይ ብሎ ማየት ያሻል።

ለጠያቂዎቹ ደግሞ ሁለት ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወቱ የሆነ ጊዜ ለመውለድ ይቸገራል። ስለዚህ በየድግሱ የሚወረወረው «ምነው ዝም አላችሁ?» አንዳንዴ የሚያርፈው ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት፣ ከጸበል ጸበል ሲዞሩ በከረሙ ሰዎች ላይ ነው። ችግሩ የባልም ሊሆን ሲችል ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ለሚስት ነው። ሁለተኛው፣ ጥያቄው በሚያስፈልግበት ቦታም ቢሆን ውሳኔ ሲያስለውጥ እምብዛም አይታይም። የልጅ ልጅ ማየት የሚፈልጉ እናት፣ የወንድም ልጅ የሚናፍቅ አጎት ከልባቸው ከሆነ መጠየቁን ትተው ሰዓት ይቁረጡ፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ልጁ እኛ ጋ ይውላል። ይህን የሚሉት ከመወለዱ በፊት ከሆነ ነው ለውሳኔው የሚደርስ።